ልማደ አንስት በሚቋረጥበት ዘመን ሴቶች ውኃ በሚገባ እንዲጠጡ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች

የሰው ገላ ምግብ ቢያጣ ብዙ ቀን ሊታገሥ ይችላል፤ ውኃ ቢያጣ ግን ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን የታወቀ ነገር ሁሉ ይፈጸማል ማለት አይደለም። ይልቁንም በጎንደር ደጋ ውኃን ወደ ቤት የምታስገባው ሴት ራሷ ከቤተ ሰቡ ሁሉ ያነሰ ስትጠጣ ይታያል።

የጎንደር ከተማ በ1628 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ፋሲል ዘመን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ተቆረቆረች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በከተማይቱ ዙሪያና በወገራ፥ በዳባት፥ በደባርቅ፥ በጃን አሞራ ገጠር ውኃ ብዙውን ጊዜ የሚጓዘው በሴት ጀርባ ነው። ቀድሞ በእንስራ ነበረ፤ ዛሬ በጀሪካን ሆኗል። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ተሸክማ ዳገቱን ወጥታ ከቤት ስትደርስ ውኃው ለሊጥ፥ ለወጥ፥ ለጠላ፥ ለልጆች መታጠቢያና ለጥጃ ይከፈላል። እንግዳ ቢመጣ እርሱ ይቀድማል። የተሸከመችው ከሁሉ በኋላ ትቀራለች።

ይህ ልማድ በወጣትነት ጊዜ ብዙ ጉዳት ሳያሳይ ያልፍ ይሆናል። ሴት ከ40 ዓመት በላይ ሆና ልማደ አንስት ሊቋረጥ በሚቃረብበት ዘመን ግን ነገሩ ይለወጣል። ገላዋ ውኃ የሚያወጣበት መንገድ ይበዛል፤ የውኃ ጥም ግን እንደ ቀድሞው ፈጥኖ አያስታውሳትም። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ጥም እስኪይዛት ሳትጠብቅ በመጠንና በሰዓት ልትጠጣ ይገባታል፤ ቤተ ሰቧም ይህን አውቆ ሊረዳት ያስፈልጋል።

ስለ ዘመኑ ጠባይ

የሴት ወር አበባ በአንድ ቀን አይቆምም። አስቀድሞ ወዲያና ወዲህ የሚልበት ዘመን አለ፤ ይህም በሐኪሞች ዘንድ ቅድመ ማረጥ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በ40ዎቹ ዓመታት ውስጥ ይጀምራል፤ በብዙዎች ዘንድ 4 ዓመት ያህል፥ በአንዳንዶችም 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በዚህ ዘመን ደሙ አንድ ወር ቀርቶ በሌላው ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ያንሳል፥ አንድ ጊዜም ይበዛል። ሙሉ 12 ወር ሳይታይ በቀረ ጊዜ ሴቲቱ አርጣለች ይባላል። ይህም በአብዛኞቹ ሴቶች ዘንድ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይሆናል። 12ቱ ወር ሳይፈጸም ግን ፅንስ ሊኖር እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን መዋዠቅ ነው። ሆርሞን ማለት በደም ውስጥ እየዞረ ለልዩ ልዩ ብልቶች ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። በአንጎል ግርጌ ደግሞ የገላን ሙቀት የሚጠብቅ አንድ ክፍል አለ። ኤስትሮጅን ከፍ ዝቅ ሲል ይህ ጠባቂ ቁጡ ይሆናል፤ ጥቂት ሙቀት ሲጨመር ገላው እጅግ የጋለ መስሎት በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፥ ላብም ያፈሳል። ከደረት ተነሥቶ ወደ አንገትና ወደ ፊት የሚወጣው ድንገተኛ ወላፈን ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ደቂቃ ይቆያል። በሌሊት የመጣ እንደ ሆነ ልብሱን በላብ ያርሰዋል፤ ጥቂት ቆይቶም የደጋው ብርድ ያንቀጠቅጣል።

ብዙ ሴቶች ይህን ምች ነው፥ ብርድ መታኝ ነው ይላሉ፤ ዛር ነው ብለው የሚሠጉም አሉ። ብዙዎቹም ከኀፍረት የተነሣ ለባላቸውም ሆነ ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ለዓመታት ብቻቸውን ይቸገራሉ። ነገሩ ግን የሚያሳፍር አይደለም፤ እንደ ጥርስ ማብቀልና እንደ ጠጉር መሸበት ሁሉ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የተፈጥሮ ሥራ ነው።

ውኃው ከገላ እንዴት እንደሚወጣ

ከጎልማሳ ሴት ክብደት እኩሌታ ያህሉ ውኃ ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት 25 ሊትር ያህል ውኃ በገላዋ ውስጥ አለ ማለት ነው። ይህ ውኃ በሽንት፥ በላብ፥ በትንፋሽና በዐይነ ምድር ዘወትር ይወጣል፤ የወጣውም ካልተተካ ደሙ ይወፍራል፥ ልብም ይደክማል።

በዚህ ዕድሜ በደጋ ለምትኖር ሴት ጉድለቱን የሚያበዙ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ከላይ የተነገረው የሌሊት ላብ ነው። ሁለተኛው የአገሩ ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ትደርሳለች። በእንዲህ ያለ ሥፍራ፥ ይልቁንም በበጋ፥ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለ ሆነ ትንፋሽ ብዙ ውኃ ይዞ ይወጣል። በደባርቅ ማለዳ ከሰው አፍ እንደ ጢስ ሲወጣ የሚታየው ይኸው የገላ ውኃ ነው። ብርድ ባለበት አገር ላብ ስለማይታይና ጥምም ስለሚቀንስ ሰው ውኃ የጎደለው አይመስለውም። ሦስተኛውም ዕድሜ እየገፋ በሄደ መጠን የጥም ስሜት እየደከመ መሄዱ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሴቲቱ ራሷ ፈቅዳ ውኃ መተዋ ነው። ኤስትሮጅን ሲያንስ የሽንት መውጫው ሥጋ ስለሚሳሳ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲመጣም አያስታግሥም። መጸዳጃ ቤት በቅርብ በሌለበት መንደር ሴት ቀን ለቀን ወደ ሜዳ መውጣት ታፍራለች። ስለዚህ እስኪጨልም ድረስ ትይዘዋለች፤ እንዳይመጣባትም ብላ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። በገበያ ቀንና በለቅሶ ቤት ይህ ይብሳል። ነገር ግን ውኃ መተው ችግሩን ይጨምረዋል እንጂ አያቀልለውም። ሽንት ሲወፍር ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ለረጅም ጊዜ ሲያዝም ተሕዋስያን ይራቡበታል። ከዚያም ሲሸኑ ማቃጠል ይመጣል፤ ሕመሙ ወደ ኩላሊት የወጣ እንደ ሆነ ትኩሳትና የጎን ውጋት አስከትሎ ሕይወትን ያሠጋል።

በ2018 እ.አ.አ. ታትሞ የወጣ አንድ የሐኪሞች ምርመራ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። የሽንት ፊኛ ሕመም እየተመላለሰ የሚያስቸግራቸው፥ ውኃም ጥቂት ብቻ የሚጠጡ 140 ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። እኩሌቶቹ ከልማዳቸው በላይ በየቀኑ 1.5 ሊትር ውኃ እንዲጠጡ ታዘዙ፤ እኩሌቶቹ እንደ ልማዳቸው ቆዩ። በ12 ወር ውስጥ ውኃ የጨመሩት ሕመሙ የያዛቸው ጊዜ ካልጨመሩት እኩሌታ ያህል ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሴቶች ገና ያላረጡ ነበሩ። ያረጠች ወይም ለማረጥ የተቃረበች ሴት ደግሞ ለዚህ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠች ስለ ሆነች ነገሩን ቸል ልትለው አይገባትም።

ውኃ የጎደለበት ገላ በሌሎች ምልክቶችም ይታወቃል። አፍ ይደርቃል፤ ራስ ያማል፤ ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ያዞራል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ያለ ብዙ ሥራ ድካም ይመጣል። 20 ኪሎ ውኃ ተሸክማ ገደል ገደሉን ለምትሄድ ሴት ማዞር ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ አጥንትም መሳሳት ስለሚጀምር አንድ ጊዜ መውደቅ ለስብራት ሊያደርስ ይችላል።

ውኃ መጠጣት ወላፈኑን ፈጽሞ አያስቀረውም። የወላፈኑ ምንጭ የሆርሞን መዋዠቅ እንጂ የውኃ ማነስ አይደለምና። ውኃ የሚያደርገው በላብ የወጣውን መተካት፥ የራስ ሕመሙንና ማዞሩን መቀነስ፥ ፊኛንና አንጀትን መጠበቅ ነው። ወላፈን ሲመጣ ቀዝቃዛ ውኃ ቀስ እያሉ መጎንጨትም ለጊዜው ያሳርፋል።

ስለ መጠኑና ስለ ሰዓቱ

ጎልማሳ ሴት በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ብትጠጣ ለአብዛኛው ጊዜ ይበቃታል። ሩብ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ቢሰፈር ከ6 እስከ 8 ኩባያ ይሆናል። በፀሐይ ስታጭድ የዋለች፥ ሩቅ መንገድ የሄደች፥ ወይም ሌሊቱን ብዙ ያላባት ሴት ከዚህ ትጨምራለች። ኩባያው ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለውን የአንድ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በኩባያው መቅዳት ነው፤ አራት ኩባያ ከሞላ ልኩ ያ ነው።

መለኪያ ለሌላት ሴት ሽንቷ ራሱ ይነግራታል። መልኩ እንደ ገብስ ገለባ ፈዘዝ ያለ ከሆነ ገላዋ ውኃ አልጎደለበትም፤ ጠቆር ያለና ሽታው የከረረ ከሆነ ግን ውኃ ጎድሎባታልና ትጠጣ።

ውኃውን በአንድ ጊዜ መጠጣት አይጠቅምም፤ ገላ የተረፈውን ወዲያው በሽንት ያወጣዋል። የፋሲል መጠመቂያ ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተሳበ አስቀድሞ ቀስ በቀስ ይሞላል እንጂ በበዓሉ ማለዳ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ ገላም እንዲሁ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ሊትር መጠጣትማ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አሳስቶ አደጋ ያመጣል። ስለዚህ ማለዳ ከመኝታ ሲነሡ አንድ ኩባያ፥ ወደ ምንጭ ከመውረድ በፊት አንድ፥ ከምንጭ ሲመለሱ አንድ፥ ከምሳና ከራት ጋር አንድ አንድ፥ የቀረውን ደግሞ ከቀትር በኋላ መጠጣት መልካም ነው። ሌሊት ለሽንት እየተነሡ እንቅልፍ እንዳያጡ ከመኝታ በፊት ባለው ሁለት ሰዓት መቀነስ፥ ነገር ግን ላብ ቢመጣ የሚጎነጩት ጥቂት ውኃ ከድኖ በራስጌ ማኖር ይገባል።

ስለ ልዩ ልዩ መጠጦች

ገላ ውኃ የሚያገኘው ከጥሩ ውኃ ብቻ አይደለም። አጥሚት፥ የበሶ ብጥብጥ፥ አሬራ፥ አጓትና የተልባ ውኃ ሁሉ ይቈጠራሉ፤ ተልባ ለሆድ ድርቀትም ይረዳል። ቡና ቢሆን ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ውኃነቱ አይጠፋም፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሴቶች ላይ ወላፈን ይቀሰቅሳል፥ ማታ ሲጠጣም እንቅልፍ ይነሣል። እንደዚህ የምትሆን ሴት ከአቦሉ በፊት አንድ ኩባያ ውኃ ጠጥታ ቡናውን ማለዳ ብቻ ብታደርገው ይሻላታል። በርበሬና ሚጥሚጣ የበዛበት ወጥም አንዳንዶችን ያልባል።

አረቄ ግን ከውኃ ቁጥር አይገባም። የሰከረ ሰው ሌሊት ሲሸና አድሮ ጧት አፉ ደርቆ የሚነሣው አልኮል ገላ ውኃውን እንዳይዝ ስለሚያደርግ ነው። ወላፈንንም ያብሳል፤ እንቅልፍንም ይበጣጥሳል። ድፍድፉ የወፈረ ጠላም በመጠኑ እንዲሁ ነው፤ ቅራሬ ይሻላል፥ ከሁሉም ውኃ ይበልጣል።

ስለ ጾም ጊዜ

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙዎች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምሱ ይውላሉ፤ እስላሞችም በረመዳን ወር ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ እንዲሁ ያደርጋሉ። ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚውለው ምንጩ በሚነጥፍበት የበጋ ወራት ነው። ጾሙን በሥርዐቱ የምትጾም ሴት ውኃ በተፈቀደበት ሰዓት ሁሉ እየከፋፈለች ልትጠጣ፥ ከባዱን ሸክም ደግሞ በማለዳ ብርድ ልትፈጽም ወይም ለሌላ ልትተው ይገባታል። ጾም በተፈታ ጊዜ አስቀድሞ ውኃ፥ ቀጥሎ እህል ቢሆን ይመረጣል። የታመመች ወይም የምታዞር ሴት ግን ነገሯን ለንስሐ አባቷ ታስረዳ፤ ሃይማኖትም ለታመመ ሰው ሥርዐት አለው። የእስላም ሴትም እንዲሁ የሃይማኖቷን ሊቃውንት ትጠይቅ።

ስለ ውኃው ንጽሕና

ብዙ ጠጪ ብላ ነግረዋት ያልጠራ ውኃ የጠጣች ሴት በተቅማጥ ከጠጣችው በላይ ታጣለች። በ2016 ዓ.ም. ድርቅ በጃን አሞራና በጠለምት ምንጮችን ባነጠፈ ጊዜ እንደ ታየው ሁሉ፥ ውኃ ሲጠፋ ሰው ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ይቀዳል። የጎንደር ከተማን ውኃ ያጠጣ የአንገረብ ግድብ እንኳ ከዳገቱ በሚታጠብ ደለል ሲጎዳ ኖሯል።

ስለዚህ ከምንጭ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ውኃ በጥሩ ጨርቅ ተጠልሎ ይፈላ። በዚህ አንድ የደጋ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አገሩ ከፍ ባለ መጠን ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በጎንደር በ93 ዲግሪ ገደማ፥ በደባርቅም ከ90 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብሎ ይፈላል። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ማቆየት ይገባል። የፈላውም በታጠበና በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ በእጅ ተነክሮ ሳይሆን ተንቆርቁሮ ይቀዳ።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባበት ጊዜ

ሁሉም ነገር በውኃ አይድንም። ደም እጅግ የበዛባት ወይም ከ12 ወር በኋላ ተመልሶ የታያት፥ ሲሸኑ ማቃጠልና ትኩሳት የያዛት፥ ሳታቋርጥ እየጠጣች ጥሟ የማይቆርጥና ሽንቷ የሚበዛ፥ የሌሊት ላቧ ከሁለት ሳምንት ሳልና ከክሳት ጋር የሆነ ሴት ሳትዘገይ ትመርመር። የመጀመሪያው ደም ማነስን ወይም የማኅፀን ሕመምን፥ ሦስተኛው የስኳር በሽታን፥ አራተኛው የሳንባ ነቀርሳን ሊያመለክት ይችላልና። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት፥ እግሯም የሚያብጥ ሴት የምትጠጣውን ውኃ መጠን ከሐኪም ሳትጠይቅ አትጨምር።

ለዚህም በአገሩ ዕርዳታ አለ። በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲና ትልቅ ሆስፒታል ሆኗል። በየቀበሌውም የጤና ኤክስቴንሽን ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደርጓል፤ ሴት ለሴት መናገር ስለሚቀል አስቀድሞ ከእነርሱ ጋር መምከር ይቻላል።

የመምህራንና የሽማግሌዎች ፈንታ

መምህሩ ይህን ነገር በሒሳብ ትምህርት ሊያስገባው ይችላል። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሩብ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ቢሰፈር ስንት ይሆናል? 80 ኩባያ ይሆናል። እናት በቀን የሚያስፈልጋት 8 ኩባያ ቢሆን ከተሸከመችው ስንተኛው እጅ ነው? አንድ ዐሥረኛው ነው። ልጆች ይህን በገዛ እጃቸው ከሰፈሩ በኋላ ወደ ቤታቸው ሄደው ለአባታቸው ይነግራሉ፤ ነገሩም ያለ ኀፍረት ወደ ቤት ይገባል።

ሽማግሌዎች ደግሞ በሰንበቴና በዕድር ተሰብስበው ሲመክሩ ሦስት ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። አንደኛ፥ በየግቢው የተከለለ መጸዳጃ እንዲቆፈር ማድረግ፤ ሴት ውኃ የምትተውበት ትልቁ ምክንያት በዚህ ይወገዳልና። ሁለተኛ፥ ምንጩ እንዲታጠርና ከከብት እንዲጠበቅ ማድረግ። ሦስተኛ፥ ወንዶች ልጆችና አህያ ያላቸው ጎረቤቶች በዕድሜ የገፉትን ሴቶች ሸክም እንዲያግዙ ማዘዝ። ሽማግሌ የተናገረው ነገር በመንደር ይሰማል፤ ይልቁንም እርሱ ራሱ በቤቱ ሲያደርገው ከታየ።

በአገሩ ልማድ እህል ያመረተ ሰው ከምርቱ ዐሥራት ያወጣል። ውኃ ተሸክማ የመጣች ሴትም ከውኃው ዐሥራቱ ለእርሷ ይሁን። ጀሪካኑ ከጀርባዋ በወረደ ጊዜ ሊጡም ጥጃውም እንግዳውም ጥቂት ይቆዩ፤ የመጀመሪያው ኩባያ ለእርሷ ይቀዳላት፥ ተቀምጣም ትጠጣው።